ኑዛዜና ንስሐን የለዩልኝ ቫርኒሽ ቀቢ

የኔታ ጥበቡ ማረፋቸውን የሰማሁት ከሞቱ ከሁለት ወር በኋላ ነው። የነገረኝ ልጄ ነው፤ ያውም እራት እየበላ፣ እግረ መንገዱን።

«አባባ፣ እኚያ ቫርኒሽ ቀቢ የሚሏቸው ሰውዬ አርፈዋል አሉ እኮ። አብነት ሰፈር ሰማሁ። አርባቸውም ወጥቷል።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?»

«እርስዎ ሁልጊዜ ‹የኔታ እንዲህ ይሉ ነበር፣ የኔታ እንዲያ ይሉ ነበር› ሲሉ ድሮ የሞቱ መስሎኝ ነዋ። በሕይወት ያለ ሰው እንዲህ ሲጠቀስ አይቼ አላውቅም።»

ተቆጣሁት። ከተቆጣሁት በኋላ ግን አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳስበው እውነቱን ነው። ስጠቅሳቸው እንጂ ስጠይቃቸው አልኖርኩም። አሁን ከምኖርበት ከልደታ ኮንዶሚኒየም እሳቸው ቤት በእግር የሚያስኬድ መንገድ ነው፤ ታክሲ እንኳ አያስፈልገውም። ሦስት ዓመት ሙሉ አልሄድኩም። ይህን የምጽፈውም ለመካስ አይደለም፤ ጽሑፍ ሙት አይክስም። የምጽፈው ልጆቼ ሰውየውን ከእኔ ጥቅስ ውጪ እንዲያውቋቸው ነው።

በደርግ ዘመን ከልደታ ወደ አብነት ሲወርዱ አንድ የእንጨት ሥራ ኅብረት ሥራ ማኅበር ነበረን። «ነበረን» የምለው በወግ ነው፤ አንድም ቀን የኛ መስሎኝ አያውቅም። ቀድሞ እያንዳንዳችን በየጓሯችን ነበር የምንሠራው። ተደራጁ ስንባል መጋዛችንን ይዘን ተደራጀን። እኔ የገጠማ ክፍል ኃላፊ ሆንኩ፤ ተልጎ የመጣውን ጣውላ ዴስክ፣ ወንበር፣ ቁም ሳጥን አድርጎ የሚያገጣጥመው ክፍል ማለት ነው። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አያልፍም። የቀረውን ያነበብኩት ሚስማር ተጠቅልሎበት ከሚመጣ ቁራጭ ጋዜጣ ነው፤ ስለዚህ የብዙ ነገር መሐሉን እንጂ መጨረሻውን አላውቅም።

የኔታ ከሁላችንም ኋላ መጡ። አገራቸው ሳሉ ቅኔ ያስተምሩ የነበሩ መሪጌታ ናቸው። የደብሩ መሬት በአዋጅ ሲሄድ ለመምህር የሚሰጥ ጠፋ፤ እሳቸውም አዲስ አበባ እህታቸው ዘንድ መጡና ቫርኒሽ ቀቢ ሆኑ። «አይከብድዎትም?» ሲባሉ፣ «ቅኔ ያስተማርኩት ልጅ ሁሉ አልበሰለም፤ የቀባሁት ቁም ሳጥን ሁሉ ግን ደርቋል» ይሉ ነበር። ጣቶቻቸው እስከ አንጓቸው ቡናማ ነበሩ። ጥምጣማቸውን ቫርኒሽ እንዳይነካው በጨርቅ ጠቅልለው ሚስማር ላይ ይሰቅሉና ጋዜጣ አጥፈው እንደ ቆብ ያደርጋሉ።

ይህ ቆብ ሊቀመንበራችንን ጓድ ታፈሰን ሰላም ይነሣው ነበር። የማን ፎቶ እንዳለበት ሳያረጋግጥ ሥራ አያስጀምርም።

«የኔታ፣ እስቲ ዞር ይበሉ።»

ቀስ ብለው ይዞራሉ። «ኳስ ነው ጓድ። ዛሬ ጭንቅላቴ ላይ ያለው ኳስ ብቻ ነው።»

አንድ ጠባይ ነበራቸው። ሁለት ቃል ተደባልቆ ሲሰሙ ማለፍ አይችሉም። እኛ ጠማማ ማዕዘን ስናይ እንደሚያሳክከን እሳቸውን የተደባለቀ ቃል ያሳክካቸዋል። አንድ ሰኞ አንዱ አናጢ ሆዱን ይዞ መጣና «ትናንት የገብርኤል ተዝካር በልቼ እንዲሁ ሲነፋኝ አደረ» አለ። የኔታ ብሩሻቸውን ከቆርቆሮው አነሡ።

«ገብርኤል መቼ ሞተ?»

«እ?»

«ተዝካር ለሞተ ሰው ነው የሚወጣው። ለመልአክና ለቅዱሳን የሚደረገው ዝክር ይባላል። መልአኩን ቀብረህ ነው የመጣኸው?»

ሳቃችን ግቢውን ሞላው። የጣውላ ግቢ ኃላፊው ሰይድ፣ የወሎ እስላም ነው፣ እሱ ሳይቀር ያንን አናጢ ባየው ቁጥር እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «እግዜር ያጽናህ» ይለው ጀመር። አናጢው ዝክርና ተዝካርን ከዚያ ወዲያ አላምታታም። የኅብረት ሱቁ ባዶ በሆነ ሰሞንም እኔ ራሴ «ዛሬ እንኳ ጾሜን ነው የዋልኩ» ብዬ ስመጻደቅ፣ «አልጾምክም፤ ተርበሃል። ጾም ያለውን መተው ነው» ብለውኛል። ከዚያ ወዲህ ልጆቼ ፊት የጾምኩትንና ያጣሁትን ለይቼ ነው የምናገረው።

ሐሙስ ከሰዓት የውይይት ክበብ ነበረን። ሁላችንም አግዳሚ ላይ እንሰበሰብና ከትምህርቱ በኋላ ሂስና ግለ ሂስ ይደረጋል። ግለ ሂስ ማለት ሰው ተነሥቶ የራሱን ጥፋት ለጉባኤው መናገር ነው። ማንም እውነተኛውን ጥፋቱን አያወጣም። ሁሉም ለሐሙስ የሚሆን ትንሽ፣ የማትጎዳ ጥፋት አስቀምጦ ነበር። የሰይድ ሻይ ማብዛት ነበር፤ ዓመት ሙሉ ሻይ አበዛለሁ ሲል ኖሯል። የእኔ ቁጣ ነበር። የኔታ ግን ያው ያደረጉትን ነበር የሚናገሩት።

«ቅድም ጓድ ሊቀመንበር ስለ ምርት ሲናገሩ አንቀላፍቻለሁ።»

«ለወደፊቱ ይታረማሉ?» ይላል ጓድ ታፈሰ።

«ንግግሩ ካጠረ እታረማለሁ።»

ጓድ ታፈሰ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሳቁን በመዝገቡ ይሸፍን ነበር።

አሁን ወደማልወደው ነገር ልግባ። ልጆቼን «እውነት ተናገሩ» እያልኩ አሳድጌ የራሴን ብዘል ምክሬ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ለአንድ ትምህርት ቤት ዴስክ እንድንሠራ ታዘዝን። ለአብዮት በዓል መድረስ አለበት ተባለ። የነበረን ጣውላ በዝናብ የመጣ ፈረንጅ ጥድ ነው። ሰይድ ጣውላውን በመሐሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገባ ይደረድረዋል፤ ነፋስ እንዲያገኘው። ያልደረቀውን ጫፉ ላይ በቀይ ጠመኔ ያሰምርበታል። የግቢያችን ሕግ ይህ ነበር፤ ቀይ መስመር ያለበትን ማንም አይነካም፣ መስመሩን የሚጠርገውም ሰይድ ብቻ ነው። ያን ጥድ በየሳምንቱ እየመጣ በጥፍሩ ይጫነዋል፣ ያሸተዋል፣ ራሱን ይነቀንቃል።

«አልደረሰም በቀለ» ይለኛል። «ገና ነው።»

«በዓሉ ግን ደርሷል።»

«በዓሉን ንገረው እንጂ እንጨቱ ምን ያድርግ?»

አንድ ዓርብ ሰይድ ለጁምዓ ሶላት ሄዶ ሳለ እርጥብ ጨርቅ ይዤ ወደ ጣውላው ሄድኩና ቀዩን መስመር ጠረግኩት። ሙሉውን ድርድር። ሰይድ ሲመለስ ጣውላው መጋዝ ላይ ነበር። ፈዞ አየው። ከሌላው ድርድር የወጣ መሰለው፤ እኔም እንዲመስለው ተውኩት።

የኔታ ሊቀቡ ሲመጡ እጃቸውን ዴስኩ ላይ አሳረፉ። «ይኼ እንጨት ያልበዋል» አሉ።

«ይቀቡት ግዴለም» አልኳቸው።

አዩኝ። ከዚያ ቀቡት፤ ሁለት ጊዜ።

ዴስኩ በሰዓቱ ደረሰ፣ ተጨበጨበልን። በኅዳር ፀሐይና ነፋስ ሲበረታ ግን እንጨቱ እውነቱን ተናገረ። ገበታው ተጣመመ፣ ማጋጠሚያው ተከፈተ። አንደኛው ዴስክ አራት ልጅ እንደተቀመጠበት ተዘረጋ። ልጆቹ ሳቁ እንጂ አልተጎዱም፤ ይህም የእግዚአብሔር ቸርነት ነው እንጂ የእኔ ጥንቃቄ አይደለም። ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ መጣ።

በዚያን ጊዜ ስሕተት የሚባል ነገር አልነበረም፤ የሚባለው አሻጥር ነው። እርጥብ እንጨት ማን አወጣ ሲባል ጣት የሚቀሰረው ወደ ግቢው ኃላፊ ነው። ሰይድ ከሥራ ታገደ። ጓድ ታፈሰም ሐሙስ ዕለት ፊቱ እንደ አመድ ሆኖ «ከበላይ ተጠይቄያለሁ። እስከሚመጣው ሐሙስ ሌላ ማብራሪያ ካልተገኘ የሰይድ ስም ለቀበሌ ይተላለፋል» አለ። የዚያን ጊዜ ለቀበሌ የተላለፈ ስም ወዴት እንደሚሄድና መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም። ሰይድ አራት ልጆች ነበሩት።

እኔ ተነሣሁና ግለ ሂስ አደረግኩ። «እንደ ክፍል ኃላፊነቴ በቂ ቁጥጥር ባለማድረጌ ራሴን እወቅሳለሁ» አልኩ። ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ሚስማር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ያገኘኋት ናት። ተጨበጨበ። እሑድ ደግሞ ልደታ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ለንስሐ አባቴ ሁሉንም፣ ጨርቁን ሳይቀር፣ ነገርኳቸው። ስግደት አዘዙኝ፤ ሰገድኩ። ጉልበቴ ቢያምመኝም ልቤ ቀለለኝ። ሰው ልቡ ሲቀለው የጸዳ ይመስለዋል።

ሰኞ በምሳ ሰዓት የቫርኒሹ ክፍል ገባሁ። የኔታ የአልጋ ራስጌ እየቀቡ ነበር።

«ትናንት ሰይድን ልጠይቅ ሄጄ ነበር» አሉኝ ሳይዞሩ። «ራሱን መጠራጠር ጀምሯል። ‹ምናልባት መስመሩን ራሴ ጠርጌ ረስቼው ይሆን?› ይላል። ሚስቱም ‹አንተ እኮ ትረሳለህ› ትለዋለች። ሊያምን ምንም አልቀረው።»

ይህን ስሰማ ማንም ሳይጠይቀኝ «የኔታ፣ እኔ እንኳ ንስሐ ገብቻለሁ» አልኩ።

ብሩሻቸውን አስቀመጡ። «ስለምኑ?»

ነገርኳቸው። ሲሰሙ አልደነገጡም፤ ቀድሞውንም ገምተውታል።

«አባ ምን አሉህ?»

«አርባ ስግደት።»

«ሌላስ?»

ወለሉ ላይ የወደቀ ሚስማር አነሣሁ።

«ሌላስ አልኩህ?»

«የበደልከውን ካስ ብለውኛል።»

«ካስከው?»

«ሰገድኩ።»

የኔታ ሳቁ። ያን ዕለት መሳቃቸው በጣም አናደደኝ። «አንተ ልጅ» አሉኝ፤ የአርባ ዓመት ሰው ነበርኩ፤ «አንተ ተናዝዘሃል እንጂ ንስሐ አልገባህም። ሁለቱን ሰው ሁሉ ያደባልቃቸዋል። ኑዛዜ ያደረጉትን መናገር ነው፤ የአፍ ሥራ ነው። ንስሐ ከሄዱበት መመለስ ነው፤ የእግር ሥራ ነው። ኑዛዜ የንስሐ ደጅ ነው። ደጅ ላይ ቆሞ ገባሁ ይባላል?»

«ሐሙስ ዕለትም ተናግሬያለሁ እኮ።»

«ሐሙስ ያልካትንማ ሰምቻለሁ። እሷ ኑዛዜም አይደለች። ቫርኒሽ ናት፤ እኔ አውቃታለሁ።»

«የልጆች አባት ነኝ የኔታ።»

«ሰይድስ የማን አባት ነው?»

ልወጣ ዞርኩ። በሩ ላይ ስደርስ «ሊናገሩብኝ ነው?» አልኳቸው።

«እኔ ከተናገርኩ ጥቆማ ይሆናል። ጥቆማ ሰይድን ያወጣው ይሆናል፤ አንተን ግን የትም አያስገባህም። እኔ ደግሞ ሌላ የራሴ ዕዳ አለብኝ» አሉና ወደ ራስጌው ዞሩ።

ሦስቱን ቀን እንዴት እንዳሳለፍኩ አላበዛም። ለሚስቴ እንኳ አልተናገርኩም። የፈራሁት እስር ብቻ አልነበረም፤ ጨካኝ ቁጣዬን ችለው ለሚያከብሩኝ ሰዎች ሌባ መስሎ መታየት ነው። ጥብቅ ሰው ነኝ የሚል ሰው ትልቁ ፍርሃቱ መታየት ነው።

ሐሙስ ደረሰ። ጓድ ታፈሰ መዝገቡን ሲከፍት የኔታ ቀድመው ተነሡ። የጋዜጣ ቆባቸውን አውልቀው ያዙት፤ ጓድ ታፈሰም በልማዱ ገጹን አየ።

«ግለ ሂስ አለኝ» አሉ። «ያ ጥድ እርጥብ እንደነበር እጄን ሳሳርፍበት አውቄያለሁ። አውቄ ቀባሁት። አንዴ ብቻ ሳይሆን ሁለቴ፤ እንዳይታይ። ሰይድ ላይ የደረሰው በእኔም እጅ የተሸፈነ ነው። ይጻፍልኝ።»

ተቀመጡ። እኔን አላዩኝም። ዞር ብለው ቢያዩኝ ኖሮ ምናልባት እልህ ይዞኝ ዝም እል ነበር። የዚህን ጥበብ የተረዳሁት እኔ ራሴ ልጆች መቅጣት ካቃተኝ በኋላ ነው።

ተነሣሁ። እግሬ መነሣቱን ያወቅኩት ቆሜ ራሴን ሳገኘው ነው።

«ቀዩን መስመር የጠረግኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ዓርብ፣ ሰይድ ሶላት በሄደበት፣ በእርጥብ ጨርቅ። ሰይድ አላወጣም፤ አልረሳምም። ገና ነው ብሎኝ ነበር።»

ማንም አላጨበጨበም። አንዱ ብቻ ከኋላ «ሆሆይ» አለ። ጓድ ታፈሰ የብዕሩን ክዳን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

«ጓድ በቀለ፣ ይኼ የሚያስከትለውን ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«ዴስኩ ለበዓሉ ይድረስ ብዬ በየቀኑ የጨቀጨቅኩት እኔ ነኝ» አለ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ እንደሚናገር። «ተረክቤ የፈረምኩትም እኔ ነኝ።» እዚያ ላይ የኔታ በጣም ጨዋ ድምፅ አውጥተው «እሱም ይጻፋ ጓድ» አሉ። ሳቅ ፈነዳ፤ ጓድ ታፈሰም መዝገቡን ፊቱ ላይ አደረገ።

ጉዳዩ ከአሻጥር ወርዶ የሥራ ጉድለት ተባለ። የዳንኩት በጽድቄ አይደለም፤ የሊቀመንበሩ ፊርማ ከእኔ ጥፋት ጎን ስለነበረ ነው። እውነቱ ይኼው ነው፤ እውነት የተናገረ ሁሉ ይድናል ብዬ ልጆቼን አልዋሽም። ከኃላፊነት ወርጄ መላጊያ ላይ ተመደብኩ። የኔታ ተግሣጽ ተጻፈባቸው፤ ደብዳቤውን በሁለት እጅ ተቀብለው አነበቡና ሁለት የሰዋስው ስሕተት አገኙበት። ሰይድ ሰኞ ሥራ ገባ።

ከዚያ በፊት ግን እሑድ ከቅዳሴ መልስ የኔታን አስከትዬ አብነት ሰይድ ቤት ሄድኩ። በሩን ሚስቱ ከፈተችልን፤ አይታኝ ወደ ጓዳ ገባች። ሰይድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ይቅርታ አድርግልኝ ብዬ ልጎነበስ ስል እጄን ያዘኝ።

«ቆይ። እኔ እኮ ራሴን ሞኝ ነኝ ብዬ ተቀብዬ ነበር። ወላሂ፣ መስመሩን በሕልሜ ስጠርገው ሁሉ አየሁ። እሱን ነው ያስቀየምከኝ።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም። ግን እሺ።» ወደ የኔታ ዞረ። «እኛ ዘንድ ተውበት ይባላል የኔታ። ጥፋቱን መተው፣ መጸጸት፣ ላይመለሱ መቁረጥ ነው። የሰው ሐቅ ካለበት ደግሞ ሐቁን መመለስ አለ።»

«ያው ነው» አሉ የኔታ ደስ ብሏቸው። «ያው መንገድ ነው።»

«የእኔን ሐቅ ሐሙስ መልሷል፤ ተነግሮኛል» አለ ሰይድ። «የልጆቹስ?»

«የየትኞቹ ልጆች?» አልኩ።

«የዴስኮቹ ናቸዋ። አሁንም ተጣሞ ባለው ላይ እኮ ነው የሚጽፉት።»

እኔ አላሰብኩትም ነበር። ያን ሁሉ ቀን ስጨነቅ ስለ ራሴና ስለ ሰይድ እንጂ ስለ ልጆቹ አንድ ጊዜ አላሰብኩም። የኔታም እንዳላሰቡት ከፊታቸው አየሁ፤ የመጀመሪያና የመጨረሻ ጊዜ ነው ቃል አጥተው ያየኋቸው።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ከሰዓት፣ እኛ ከቅዳሴ ስንመለስ፣ ሦስታችን ወደ ትምህርት ቤቱ እንሄድ ጀመር። ዘበኛው እየሳቀ ይከፍትልናል። ሰይድ በደንብ የደረቀ ጣውላ ከማኅበሩ አስፈቅዶ ያመጣል፣ እኔ የተከፈተውን ማጋጠሚያ ፈትቼ በኮላና በሚስማር እመልሳለሁ፣ የኔታ ይፍቃሉ፣ ይቀባሉ። እየቀቡ ዜማ ያሰማሉ፤ ሰይድ ሲሰለቸው «የኔታ፣ ይኼኛው ዜማ ገና አልደረቀም፣ ትንሽ ሞቅ አድርጉለት» ይላቸዋል። ያን ያህል የሳቅኩበት ሥራ በዕድሜዬ የለም። እስከ ፋሲካ ጾም ወሰደብን።

የመጨረሻው ክፍል ሲያልቅ የኔታ እጃቸውን በጋዝ ነክረው በጨርቅ እየጠረጉ አንዱ ዴስክ ላይ ተቀመጡ። ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ አዲሱ ቫርኒሽ ላይ ታበራለች። ልቤ ሞልቶ ነበር። መጥረጊያውን ይዤ ፊታቸው ቆምኩ።

«የኔታ፣ አሁንስ? አሁን ንስሐ ገባሁ ይባላል?»

ጨርቁን አስቀመጡ። ከዚያ የተቀመጡበትን ዴስክ ወዲህ ወዲያ ነቀነቁት፤ ቋ ቋ አለ።

«እሱን እኔ አላውቅም» አሉ። «ይኼ እግሩ ግን ይነቃነቃል።»

መዶሻዬን አንሥቼ በርከክ አልኩ።